ከጓደኞች ጋር ውጭ አገር የተማሪዎች ኮንፈረንስ ላይ መሄድ፦ ከማመልከቻ እስከ መመለስ፣ ደረጃ በደረጃ

ታሪኩ ሁሌም አንድ አይነት ነው። አምስት ጓደኛሞች ያመለክታሉ፣ ሶስቱ ተቀባይነት ያገኛሉ፣ ቴሌግራም ላይ እንኳን ደስ አላችሁ ምናምን ይባላል፣ ኮንፈረንሱ ሚከፈት ቀን ግን አንዳቸውም አዳራሹ ውስጥ የሉም። አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ወይ ብር ስለሌላቸው አይደለም። ወይ ቪዛው ዘግይቶ ገብቷል ወይ ደሞ ሶስቱ ያስገቡት ወረቀት እርስ በርሱ ይጣላል። እናንተ ለራሳችሁ ሶስት ሰው ናችሁ፣ ለኤምባሲው ግን በአንድ ግብዣ የመጣችሁ አንድ ጉዳይ ናችሁ፣ ስለዚህ የአንዱ ዝርክርክነት ሌላውንም ጥያቄ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው።

ምሳሌ እንዲሆነን ኖርዌይ ትሮንድሃይም ከተማ በየሁለት ዓመቱ ሚካሄደውን የተማሪዎች ፌስቲቫል እንውሰድ፣ ኢስፊት ይሉታል፣ በጎዶሎው የፈረንጅ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ነው ሚደረገው፣ ሚያዘጋጁትም ተማሪዎች ናቸው። ሌላ የሼንገን አገር (በአንድ ቪዛ ሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ናቸው) ምትሄዱም ከሆነ ደረጃው ያው ነው። ኬንያ ወይ ሩዋንዳ ለምትሄዱ የቪዛው ጣጣ በጣም ስለሚቀል ከደረጃ 4 እስከ 6 ያለውን ቶሎ ቶሎ እለፉት፣ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ግን አትርሱ።

ደረጃ 1፦ ጥሪው እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ (ከ8 ወር በፊት)

ቴሌግራም ላይ "ሙሉ ወጪ ተሸፍኖ" ተብሎ ሚለቀቀው ሁሉ እውነት አይደለም። ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት እነዚህን አጣሩ፦

- አዘጋጁ ዩኒቨርሲቲ ወይ ታዋቂ የተማሪዎች ማህበር ነው? ኢሜይሉ ከራሱ ዌብሳይት ነው ሚመጣው ወይስ ከጂሜይል?
- ያለፈው ዙር ፕሮግራም፣ ፎቶ፣ የተናጋሪዎች ስም ይገኛል?
- ተቀባይነት ሳታገኙ በፊት ብር ይጠይቃል? ከጠየቀ ቆም በሉ።
- "ቪዛውን እኛ እንጨርሳለን" ይላል? ይሄን ካለ በቃ ዝጉት። የትኛውም ኮንፈረንስ ቪዛ መስጠት አይችልም፣ ሚችለው የግብዣ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው።

ጥርጣሬ ካላችሁ ኮንፈረንሱ ይካሄድበታል የተባለው ዩኒቨርሲቲ ኢንተርናሽናል ኦፊስ ኢሜይል ላኩና ይሄ ፕሮግራም የናንተ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት መስመር ነው።

ደረጃ 2፦ ለየብቻ አመልክቱ፣ ግን ተነጋግራችሁ

እንደ ኢስፊት ያሉት ላይ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ነው ሚያመለክተው፣ "እኛ አራት ነን አብረን ውሰዱን" ሚባል ነገር የለም። ስለዚህ፦

1. መጀመሪያ ተቀምጣችሁ ተስማሙ፦ ከመሃላችን አንድ ሰው ብቻ ቢያልፍ ይሄዳል ወይስ ይቀራል? ይሄን ንግግር ውጤት ከመጣ በኋላ ካደረጋችሁት ጓደኝነት ነው ሚበላሸው።
2. የተለያየ ወርክሾፕ ምረጡ። አራታችሁም አንድ ርዕስ ላይ ከተደራረባችሁ እርስ በርሳችሁ ነው ምትወዳደሩት።
3. ኤሴያችሁን አትኮራረጁ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ቃላት ቀያይሮ ካስገባ አንባቢው ወዲያው ያውቃል፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ዲፓርትመንት በአንድ ቀን የገባ ማመልከቻ አብሮ ሊነበብ ይችላል። ቻትጂፒቲ የጻፈውም እንደዛው፣ ሁላችሁም አንድ ጥያቄ ስለጠየቃችሁት አንድ አይነት መልስ ነው ሚሰጣችሁ።
4. ሰፈራችሁ ወይ ካምፓሳችሁ ውስጥ የሰራችሁትን አንድ ተጨባጭ ነገር ጻፉ። የደም ልገሳ ዘመቻ አስተባብራችሁ ከሆነ ስንት ሰው መጣ፣ ምን አስቸገረ፣ እንዴት ፈታችሁት። "ዓለምን መለወጥ እፈልጋለሁ" ሚለውን ሺህ ሰው ጽፎታል።

ደረጃ 3፦ ፓስፖርትና ስም

ፓስፖርት የሌለው ሰው ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅ፣ ማመልከቻውን እንዳስገባ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ ይያዝ። ፋይዳ ያላወጣም ያውጣ። ፓስፖርት ያለው ደሞ ሶስት ነገር ይይ፦ ከሼንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር ሚቆይ መሆኑን፣ ከወጣ 10 ዓመት ያላለፈው መሆኑን፣ ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ እንዳለው።

አሁን ብዙ ሰው ሚወድቅበት ነገር፣ ስም። የኛ ስም ሶስት ነው፣ ፎርሙ ሚጠይቀው ሁለት ነው። አንዱ ጓደኛ ሰርኔም ላይ የአባቱን ይሞላል ሌላው የአያቱን፣ ከዛ ግብዣው በአንድ ስም ትኬቱ በሌላ ስም ይመጣል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ፓስፖርታችሁ ላይ ፎቶው ያለበትን ገጽ ግለጡ፣ ታች ላይ ሁለት ረዣዥም የፊደልና የቁጥር መስመሮች አሉ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ከአገር ኮዱ ቀጥሎ ሚመጣው ስም ነው ሰርኔማችሁ፣ ከዛ ሁለት የቀስት ምልክት አለ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ጊቭን ኔም ነው። ኮንፈረንሱ ላይም፣ ትኬቱም ላይ፣ ኢንሹራንሱም ላይ፣ ሁሉም ቦታ ልክ እንደዛው አርጋችሁ ሙሉ፣ አንድ ፊደል ሳትቀይሩ።

*ስሙ ከዩኒቨርሲቲ ዶክመንት ጋር ካልገጠመስ?* አንድ ኤል እና ሁለት ኤል አይነት ልዩነት ከሆነ ሬጅስትራር ደብዳቤውን ፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፣ የፓስፖርት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉ ስሙ ከተለያየ ግን ቶሎ አስተካክሉት፣ ቪዛ ቀጠሮ ላይ ማስረዳት ይቻላል ብላችሁ አትተማመኑ።

ደረጃ 4፦ ወረቀት ማዘጋጀት

ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ከሁሉም በላይ ሰው ሚወድቀው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ስራ ተከፋፈሉ። አንድ ሰው ከአዘጋጁ ጋር ይጻጻፍ፣ አንድ ሰው የቀኖችን ሰንጠረዥ ይያዝ፣ አንድ ሰው ከመላኩ በፊት የሁሉንም ፋይል ያንብብ። ጎግል ድራይቭ ላይ ፎልደር ክፈቱ፣ ለየሰው ንዑስ ፎልደር። የፓስፖርት ፎቶ ግን ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉ።

*የግብዣ ደብዳቤ።* በየስማችሁ ለየብቻ ይምጣ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት እንደምታርፉ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይጻፍበት። ኢስፊት ላይ ተሳታፊዎች ብዙ ጊዜ ሚያርፉት የከተማው ሰው ቤት ነው፣ ስለዚህ ሆቴል ሪዘርቬሽን ላይኖራችሁ ይችላል፣ ማረፊያ በአዘጋጁ ነው ሚል አረፍተ ነገር ደብዳቤው ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ መልሳችሁ ጠይቁ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ፣ በየዙሩ ሚጠየቁት ነገር ነው።

እግረ መንገዳችሁን አዘጋጁ ለትርፍ ያልተቋቋመ መሆኑንም እንዲጽፉላችሁ አርጉ። ለምን መሰላችሁ፣ የሼንገን ቪዛ ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፣ ግን እድሜያቸው 25 እና ከዛ በታች የሆኑ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ወክለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ያዘጋጀው ኮንፈረንስ ላይ ሚሄዱ ሰዎች ከቪዛ ክፍያው ነፃ ናቸው። ይሄን ብዙ ተማሪ አያውቀውም። ክለባችሁ ወይ ማህበራችሁም ወኪላችን ነው ብሎ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። የቪዛ ሴንተሩ (ለኤምባሲው ማመልከቻ ሚቀበለው ድርጅት) የአገልግሎት ክፍያ ግን ለብቻው ነው፣ እሱን ትከፍላላችሁ።

*የዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ።* ከሬጅስትራር ወይ ከተማሪዎች ዲን። ምን ይላል፦ ስንተኛ ዓመት እንደሆናችሁ፣ መቼ እንደምትመረቁ፣ ለነዚህ ቀናት እንደተፈቀደላችሁ፣ መቼ ክፍል እንደምትመለሱ። ማህተም፣ ፊርማ፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ የፈራሚው ስልክ። በእንግሊዝኛ ይሁን። እና ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን! ደብዳቤው ላይ በኛው ዓመተ ምህረት ከተጻፈ ፋይሉን ሚያየው ሰው ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ ወረቀት ነው ሚመስለው። ትራንስክሪፕት ላይም ይሄው ችግር አለ፣ እዩት።

ፈተና ካለባችሁ ከመምህሩ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ ሜካፕ (ምትክ ፈተና) ሚፈቀድ ከሆነ በጽሁፍ ያዙ። በቃል "ችግር የለውም" ያለ መምህር ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሊረሳው ይችላል።

*ብር።* ተማሪ ሚሊዮን እንዲኖረው ማንም አይጠብቅም። ሚጠበቀው ወጪውን ማን እንደሚችል ግልጽ እንዲሆን ነው። አዘጋጁ ምግብና ማረፊያ ከቻለ ደብዳቤው ይበቃል፣ ትኬቱን ቤተሰብ ከከፈለ የከፋዩ ስፖንሰር ደብዳቤ፣ የስራ ማስረጃ ወይ ንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ዝምድናውን ሚያሳይ የልደት ሰርተፍኬት። ስቴትመንቱ ወራት ወደኋላ ሄዶ እንቅስቃሴ ማሳየት አለበት። ከማመልከቻው አንድ ሳምንት በፊት ከዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የገባ 300 ሺ ብር ከምንም ይብሳል፣ ምክንያቱም ቀኑ እዛው ላይ ተጽፏል። ትልቅ ገቢ በእውነት ካለ፣ እቁብ ወጥቶላቸውም ይሁን መኪና ተሽጦ፣ ማስረጃውን አያይዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስቴትመንት "ሚሰራ" ደላላ ጋ እንዳትሄዱ። ሀሰተኛ ዶክመንት መቅረቡ እራሱ አንዱ የመከልከያ ምክንያት ነው፣ ማመልከቻችሁና አሻራችሁ ደሞ ሁሉም የሼንገን አገሮች ሚያዩት ሲስተም ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ከግሩፑ አንዱ እንዲህ ካደረገ የሌላችሁም ፋይል በዛው አይን ነው ሚታየው።

*ኢንሹራንስ።* ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሚሸፍን፣ ለሁሉም የሼንገን አገሮች ሚሰራ፣ ድንገተኛ ህክምናንና ወደ አገር መመለስን ሚያካትት። አዲስ አበባ ያሉ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ይሸጡታል፣ ቪዛ ከተከለከላችሁ ብሩ ይመለስ እንደሆነ ስትገዙ ጠይቁ።

*ትኬት።* ሪዘርቬሽን ብቻ ያዙ፣ ቪዛ ሳይወጣ እንዳትቆርጡ። በለንደን ሚያልፍ ርካሽ ትኬት ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ፣ ኢንግላንድ ሼንገን ውስጥ የለችም፣ ለትራንዚት ብቻ ሌላ ቪዛ ልትጠይቃችሁ ትችላለች። ቆይታችሁ ኮንፈረንሱ ሲደመር አንድ ሁለት ቀን ይሁን። አስር ቀን ለሚፈጅ ፕሮግራም የአንድ ወር ቪዛ መጠየቅ ቀሪውን ሃያ ቀን ምን ልትሰሩ ነው ሚል ጥያቄ ይጋብዛል፣ መልስ ደሞ የላችሁም።

ደረጃ 5፦ ቪዛ ማስገባት

ሰዓት ላይ እናተኩር። የሼንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ለሌላው ዓለም መልስ በተለምዶ 15 ቀን ነው፣ ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ህብረት ኤፕሪል 2024 ላይ ባወጣው ውሳኔ 45 ቀን ሆኗል፣ መልቲፕል ኢንትሪም (ደጋግሞ መግባት ሚያስችለው ቪዛ) ቀርቷል፣ ወረቀት ቀንሶ ማለፍ ሚባልም የለም። በዛ ላይ ቀጠሮ ለማግኘት ሚፈጀው ጊዜ አለ፣ እሱ ከ45 ቀኑ ውጭ ነው። ስለዚህ ለፌብሩዋሪ ኮንፈረንስ ኖቬምበር ላይ ፋይላችሁ መግባት አለበት። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ቀጠሮ ምትፈልጉ ከሆነ ቁማር ነው።

1. የምትሄዱበትን አገር ቪዛ አዲስ አበባ ማን እንደሚቀበል እዩ። አንዳንዱ አገር በሌላ አገር ኤምባሲ ነው ሚወከለው፣ አንዳንዱ በቪዛ ሴንተር በኩል ነው።
2. ብዙ አገር ከዞራችሁ ብዙ ቀን ምትቆዩበት አገር ጋ ነው ምታመለክቱት። እኩል ከሆነ መጀመሪያ ምትገቡበት።
3. ከተቻለ ሁላችሁም በአንድ ቀን ወይ በተከታታይ ቀን ቀጠሮ ያዙ። ካልተቻለ ግን አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ቀን አያቃጥል፣ ያገኘ ያስገባ።
4. ከቀጠሮው ዋዜማ አንድ ላይ ተቀመጡና ፎርማችሁን ጮክ ብላችሁ ተነባበቡ። የመግቢያ ቀን፣ የመውጫ ቀን፣ አድራሻ፣ ወጪ ከፋይ። አንዱ 10 ቀን ሌላው 14 ቀን ካለ ማስተካከያው ጊዜ አሁን ነው።
5. ኦስሎ ወይ ስቶክሆልም ዘመድ ያለው ሰው ከተጠየቀ ይናገር። አትደብቁ። መኖሩ ወንጀል አይደለም፣ ተደብቆ መገኘቱ ግን ፋይሉን በሙሉ ያስጠረጥራል።
6. ኦሪጅናልም ኮፒም ያዙ፣ በቅደም ተከተል። ከሁሉም ወረቀት አንድ አንድ ኮፒ ለራሳችሁ አስቀሩ።

ቃለ መጠይቅ ካለ አጭር መልስ ስጡ። ምን ልትሰራ ነው ምትሄደው ሲባል የወርክሾፑን ስም፣ ምን እንደምታቀርቡ፣ መቼ እንደምትመለሱ። በቃ። የተሸመደደ ንግግር አታቅርቡ፣ በተለይ አራት ሰው አንድ አይነት ንግግር ሲያቀርብ በጣም ያስቃል።

*አንድ ወረቀት ጎደለ ከተባለስ?* ተረጋጉ፣ በስንት ቀን ውስጥ ማምጣት እንደሚቻል ጠይቁ፣ በኢሜይል ይሁን በአካል። ቪዛ ሴንተሩ ያለ ወረቀቱ ላስገባልህ ካለ ሳይሟላ እንደሚገባ ገብቷችሁ ፈርሙ።

ደረጃ 6፦ መልሱ ሲመጣ

*ከተፈቀደ* ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈውን የቪዛ ስቲከር እዛው ቆማችሁ አንብቡ። ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ከዛ ቀኖቹ። ሁለት የተለያየ ነገር ነው እዛ ላይ ያለው፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሰራል ሚለውና ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል ሚለው። ከፌብሩዋሪ 1 እስከ 28 ተብሎ 13 ቀን ካለ መቆየት ምትችሉት 13 ቀን ብቻ ነው፣ 28 አይደለም። የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ኢንትሪው አንድ ከሆነ ከሼንገን ወጥታችሁ መመለስ አትችሉም። ስህተት ካለ ከበሩ ሳትወጡ ተናገሩ።

*አንዱ ከተከለከለ*፣ ይሄ በጣም ያጋጥማል፣ እና ግሩፑ በሙሉ ሚደነዝዘው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ አርጉ፦

- ምክንያቱ ምልክት የተደረገበት ፎርም ይሰጣል፣ አንብቡት። "የጉዞው ዓላማ አልተረጋገጠም" እና "ለመመለስህ ጥርጣሬ አለን" ፍጹም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በተሻለ የግብዣ ደብዳቤ ይስተካከላል፣ ሁለተኛው ከባድ ነው፣ ትምህርቱ በመሃል መሆኑን፣ ቤተሰብና ስራን ሚያሳይ ተጨማሪ ማስረጃ ይፈልጋል።
- ይግባኝ መብት ነው። ኖርዌይ ላይ ከውሳኔው በኋላ ያላችሁ 3 ሳምንት ነው። ስሜታዊ ደብዳቤ አትጻፉ፣ ምልክት ለተደረገበት ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ማስረጃ አያይዙ።
- ጊዜ ካለ እንደገና ማመልከትም ይቻላል፣ ግን ምንም ሳይቀየር ያንኑ ፋይል መልሶ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።
- የዛኑ ቀን አዘጋጁን አሳውቁ። ክፍያ ይመለሳል ወይ፣ በኦንላይን መሳተፍ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።
- የተፈቀደላችሁ ሂዱ። እሱ ካልሄደ አንሄድም ማለት ለተከለከለው ጓደኛ ምንም አይጠቅመውም፣ ጭራሽ ጸጸት ነው ምትጨምሩበት። ደረጃ 2 ላይ የተነጋገራችሁት ለዚህ ቀን ነው።

ደረጃ 7፦ ምንዛሬና ሻንጣ

ባንክ የውጭ ምንዛሬ ሚሰጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ነው፣ ስለዚህ ትኬት እንደቆረጣችሁ ሂዱ። ደረሰኙን ያዙ፣ ቦሌ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። የብር ካርዳችሁም ቴሌብርም እዛ አይሰራም፣ በውጭ ምንዛሬ ሚሞላ ፕሪፔይድ ካርድ ያለው ባንክ ፈልጉ። ኖርዌይ ዩሮ ሳይሆን ክሮነር ነው ሚጠቀሙት፣ ያውም ሁሉም ነገር በካርድ ነው። ብሩን ሁሉ አንድ ሰው ጋ አታስቀምጡ።

ልብስ፦ ጃኬት ሰልባጅ ተራ ጥሩ ጥሩ ይገኛል፣ እዛ ከመግዛት በብዙ ይሻላል። ዋናው ግን ጫማ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ የትሮንድሃይም እግረኛ መንገድ በረዶ ሊጋገርበት ይችላል፣ በስኒከር ከሄዳችሁ የመጀመሪያው ቀን ነው ምትወድቁት። ጫማ ስር ሚታሰር ሹል ነገር እዛ ይሸጣል፣ ግዙ።

ምግብ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬና ሽሮ በትንሽ በትንሹ አሽጋችሁ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉበት (የበሶ ዱቄት ያለ ጽሁፍ በላስቲክ ታስሮ ጉምሩክ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል አስቡት)። ቋንታ፣ ንጥር ቅቤና አይብ አይገባም፣ የስጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ እናት ብታለቅስም አትያዙ። ጫት ኖርዌይ ውስጥ ህገወጥ ነው። እና "ይቺን ለእህቴ አድርስልኝ" ሚባል የታሸገ እቃ ከማንም አትቀበሉ፣ ከጎረቤትም ቢሆን። የግድ ከሆነ ከፍታችሁ አይታችሁ ራሳችሁ አሽጉ።

ቻርጀራችሁ ባለ ሁለት ክብ እግር ከሆነ እንዳለ ይሰራል፣ አዳፕተር አትግዙ።

ደረጃ 8፦ ቦሌና ድንበር

ከበረራው 3 ሰዓት በፊት ድረሱ። ግብዣ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ ኢንሹራንስ፣ የማረፊያ አድራሻ፣ የድጋፍ ደብዳቤ በወረቀት ታትሞ በየእጃችሁ ይሁን። በየእጃችሁ ነው ያልኩት! ፋይሉን ሁሉ አንዱ "ኮከብ" ተሸክሞ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ሌላ ሰልፍ ላይ ሚቆሙበትን ነገር ተዉት። ሻንጣም በየስማችሁ ቼክ አርጉ።

ቦሌ ላይ ቼክ ኢን ስታደርጉ ሻንጣው እስከ የት እንደሚሄድ ጠይቁ። ኦስሎ ደርሶ ወደ ትሮንድሃይም አገር ውስጥ በረራ ምትቀጥሉ ከሆነ እዛ ተረክባችሁ ጉምሩክ አልፋችሁ መልሳችሁ ማስገባት ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ስለዚህ በሁለቱ በረራ መሃል ሰፋ ያለ ሰዓት ያለው ትኬት ምረጡ። በረራው ካመለጣችሁ ከኦስሎ ትሮንድሃይም ባቡር አለ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። የትሮንድሃይም ኤርፖርት ቬርነስ ነው ሚባለው፣ ከከተማው ሰላሳ ምናምን ኪሎሜትር ይርቃል፣ ባቡርና አውቶቡስ ስላለ ታክሲ አትያዙ፣ ዋጋው ያስደነግጣችኋል።

የፓስፖርት ቁጥጥሩ መጀመሪያ ምታርፉበት የሼንገን አገር ላይ ነው። አሻራና ፎቶ ይወሰዳል። ጥያቄው ያው ነው፦ ለምን መጣህ፣ ስንት ቀን፣ የት ታርፋለህ። ወረቀቱን ስጡ። ጓደኛችሁ ሲጠየቅ ከኋላ ሆናችሁ በአማርኛ አትመልሱለት። አንዱ ወደ ጎን ክፍል ከተወሰደ ሌላው የአዘጋጁን ስልክ ይዞ ወጥቶ ይደውል፣ ከሰልፉ ላይ አትጨቃጨቁ።

ደረጃ 9፦ ኮንፈረንሱ ላይ

- *ሰዓት።* ፕሮግራሙ 9፡00 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ስልካችሁን በነሱ አቆጣጠር አርጉት፣ በቃላችሁ እየቀየራችሁ አትድከሙ። በክረምታቸው ከኛ በ2 ሰዓት ወደኋላ ናቸው።
- *ጾም።* ፎርሙ ላይ የምግብ ምርጫ ሲጠየቅ ጾመኛ የሆነ ሰው "ቬጋን" ይበል። "ቬጀቴሪያን" ካላችሁ እንቁላልና አይብ ነው ሚመጣላችሁ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ሁዳዴ ሊገባ ይችላል፣ ከማመልከቻው ጊዜ ጀምሮ አስቡት። ሙስሊም ከሆናችሁ ሀላል በሉ፣ ረመዳን ከገጠመም አስተናጋጃችሁን ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት።
- *መበታተን።* ምግብ ሰዓት ላይ ሁሌ አንድ ጠረጴዛ ከበባችሁ በአማርኛ ከተንጫጫችሁ ፒያሳ ካፌ ተቀምጣችሁ ብትጫወቱ ይሻል ነበር፣ ርካሽም ነው። ቀን ተለያዩ፣ ማታ ተገናኙና ተነጋገሩ። የማታ መገናኛ ቦታና ሰዓት ግን ቁርጥ ያለ ይሁን፣ ስልክ ቢዘጋም።
- *ባህል ማሳያ ምሽት።* ሀበሻ ልብስ አንድ አንድ ያዙ፣ ቡና ታፈላላችሁ ከተባለ ግን አዳራሹን አስፈቅዱ። እጣኑ የእሳት አላርም ያስጮኻል፣ ህንጻው በሙሉ በውርጭ ውጭ ይወጣል፣ ከዛ በኋላ ስለ ቡናው ሚያስታውስ ሰው የለም።
- *አደጋ ከደረሰ።* ኖርዌይ ላይ አምቡላንስ 113፣ ፖሊስ 112፣ እሳት 110። የኢንሹራንስ ወረቀቱ ላይ ያለውን የእርዳታ ስልክ ከመታከማችሁ በፊት ደውሉለት፣ ድንገተኛ ካልሆነ።
- *ፓስፖርት ከጠፋ።* ፖሊስ ጋ አስመዝግቡና ወረቀት ተቀበሉ፣ ከዛ አዘጋጁን ይዛችሁ ለአገሩ ሚያገለግለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ አነጋግሩ። ድራይቭ ላይ ያስቀመጣችሁት ኮፒ እዚህ ነው ሚሰራው።

ከግሩፑ አንድ ሰው "እኔ እዚሁ ልቀር ነው" ቢላችሁ? የራሱ ህይወት ነው፣ ግን ቪዛው ሲያልቅ ሚመጣበትን ነገር አውቆ ይወስን፣ እናንተም በሱ ስም አትዋሹ። አዘጋጁ ከጠየቃችሁ ምታውቁትን ተናገሩና በቀናችሁ ተሳፈሩ። የግብዣ ደብዳቤ የጻፈው ሰው በሚቀጥለው ዙር ከናንተ ካምፓስ ሚመጣውን ማመልከቻ ሚያየው ይሄን እያስታወሰ ነው፣ ይሄ ሀቅ ነው።

ደረጃ 10፦ መልስ

ከመውጫ ቀናችሁ አንድ ቀን ቀደም ያለ በረራ ይሁን፣ በረዶ በረራ ሲያዘገይ የቪዛው ቀን እንዳያልፍባችሁ። ከናንተ ውጭ በሆነ ምክንያት ከተሰረዘ ከአየር መንገዱ ማረጋገጫ ወረቀት ተቀበሉና ወዲያው ፖሊስ ወይ ኢሚግሬሽን አሳውቁ።

ቦርዲንግ ፓስ አትጣሉ። የትራንስፖርት ድጋፍ ሚሰጡ ኮንፈረንሶች ብዙዎቹ ብሩን ሚልኩት በኋላ ደረሰኝና ቦርዲንግ ፓስ አይተው ነው። ቅጹን እዛው እያላችሁ ሙሉ፣ የባንክ ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መሆኑን፣ የቅርንጫፉ ሳይሆን የባንኩ ስዊፍት ኮድ (ባንኩ ከውጭ ብር ሲላክ ሚለይበት ኮድ) መሆኑን አይታችሁ። በሁለት ወር ውስጥ ካልገባ አዘጋጁን የተላከበትን ማረጋገጫ ጠይቁና ያንን ይዛችሁ ባንካችሁ የውጭ ሀዋላ ክፍል ሂዱ፣ ብዙ ጊዜ ስም አልገጥም ብሎ እዛ ተቀምጦ ነው ሚገኘው።